ጎረቤት ሲስብ የእኔ ጉድጓድ ለምን ይወርዳል? ስለ ስንጥቅ አለት ውሃ ጥያቄና መልስ

አለት ውስጥ የተቆፈሩ ጉድጓዶችን በመሞከርና በመለካት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ ጊዜ ወስጄ የመጡልኝን ጥያቄዎች በሙሉ ለመመለስ ተቀምጫለሁ። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ርቀት ነው፤ «ስንት ሜትር ብርቅ ጉዳት አይደርስብኝም?» የሚል። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ በተሰነጣጠቀ አለት ውስጥ ርቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ነገሩን የሚወስነው የማን ስንጥቅ ከማን ስንጥቅ ጋር ተገናኝቷል የሚለው ነው። እንጀምር።

ጥያቄ፦ አለት ድፍን ድንጋይ አይደለም እንዴ? ውሃው የት ነው የሚቀመጠው? ከሥር ወንዝ ይሄዳል የሚሉም አሉ።

መልስ፦ የኖራ ድንጋይን ውሃ ስለሚያሟሟው ዋሻ ሊፈጠርበት ይችላል። እዚያ እውነትም ወንዝ የሚመስል ነገር ይኖር ይሆናል። ግራናይትና ናይስ በሚባሉት ጠንካራ አለቶች ላይ ግን ወንዙን እርሳው። ድፍኑ አለት ውሃ አይዝም ማለት ይቻላል። ውሃው ያለው አለቱ በተሰነጠቀበት ነው። ስንጥቆቹም ስፋታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። የወረቀት ውፍረት ብቻ ያላቸውም ሞልተዋል።

የችግሩ ሁሉ መነሻ ይኼ ነው። አሸዋ ከመቶ 25 እስከ 30 እጁ ክፍት ቦታ ነው። በተሰነጣጠቀ ግራናይት ውስጥ ግን ስንጥቆቹ የሚይዙት ቦታ ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። አሁን 10 ሜትር ኩብ ውሃ ሳብን እንበል። ከመቶ 20 እጅ ውሃ የሚለቅ አሸዋ ከሆነ፣ ውሃው በ50 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ አንድ ሜትር ይወርዳል። ከመቶ ግማሽ እጅ ብቻ የሚለቅ አለት ከሆነ ግን ያንኑ ያህል ለማግኘት በ2,000 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ አንድ ሜትር መውረድ አለበት። የተሳበው ውሃ ያው ነው። የሚነካው ቦታ ግን 40 እጥፍ ሰፋ።

ጥያቄ፦ ፓምፑ ሲነሳ ከታች በትክክል ምንድነው የሚሆነው? እኔ ሙያው የለኝም፤ በቀላሉ አስረዳኝ።

መልስ፦ ፓምፑ ሳይነሳ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃና ዙሪያው ስንጥቅ ውስጥ ያለው ውሃ ሚዛን ላይ ናቸው። ያንን ከፍታ ባለሙያዎች ስታቲክ ይሉታል። ፓምፑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወጣው ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ የነበረው ውሃ ነው። ያ ሲወጣ በጉድጓዱ ውስጥ ከፍታው ይወርዳል፤ ውጭ ያለው ገና አልወረደም። ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። ከስንጥቆቹ ውሃ እየገፋ ወደ ጉድጓዱ የሚያስገባው ይህ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሲጨምር የሚገባው ውሃም ይጨምራል።

የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሲሆኑ ውሃው መውረዱን ያቆማል፤ ወይም በጣም ቀስ ይላል። የሚወጣው ከበለጠ ግን መውረዱን ይቀጥላል።

ሄንሪ ዳርሲ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1856 ውሃን በአሸዋ ውስጥ አሳልፎ ያወጣው ሕግ ይኸው ነው፦ ፍሰቱ ከከፍታው ልዩነት ጋር አብሮ ያድጋል። አሸዋ ውስጥ ይህ መውረድ በጉድጓዱ ዙሪያ ክብ ሆኖ፣ ላዩ ሰፊ ታቹ ጠባብ እየሆነ ይሰረጉዳል። አለት ውስጥ ግን ክብ የለም። መውረዱ ስንጥቁን ተከትሎ ወደ አንድ ወገን ረጅም፣ ወደ ሌላው አጭር ይሆናል።

ጥያቄ፦ የእኔ ጉድጓድ መጀመሪያ ላይ ውሃው ጎርፍ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፓምፑ አየር እየሳበ ያስላል። ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ደግሞ እንደገና ጥሩ ይሆናል። ፓምፑ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ፓምፑን ከመንቀልህ በፊት ይችን ሂሳብ አብረን እንሥራ። 150 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ በእያንዳንዱ ሜትር ወደ 18 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ከፓምፑ በላይ 60 ሜትር ውሃ ቆሞ ከነበረ፣ ከ1,000 ሊትር ትንሽ ያልፋል። ፓምፑ በሰከንድ 1 ሊትር ያወጣል እንበል። ስንጥቆቹ ግን በሰከንድ 0.3 ሊትር ብቻ ያስገባሉ። እንግዲህ በየሰከንዱ 0.7 ሊትር ከተጠራቀመው ላይ እየተበላ ነው። ሲካፈል 25 ደቂቃ አካባቢ ይሆናል። ከዚያ ፓምፑ አየር ይስባል።

የአንተ «ጎርፍ» የአለቱ ውሃ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ፓምፑ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ለጉድጓዱ ግን በዝቶበታል። ፍሰቱን በቫልቭ ወደ 0.25 ሊትር ዝቅ አድርገህ ረጅም ሰዓት አስኪደው። ቫልቩን ስታጠብ ግን ፓምፑ ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ፍሰት በታች እንዳትወርድ፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በሚያልፈው ውሃ ነው። ከዚያ በታች መሄድ ካስፈለገ ፓምፑን በትንሽ መቀየር ይሻላል። በዚህ አካሄድ በቀን የምታገኘው ውሃ አይቀንስም፤ ፓምፑም በደረቅ እየሠራ አይቃጠልም።

ጥያቄ፦ 30 ሜትር ላይ ያለው ጎረቤቴ ቀኑን ሙሉ ሲስብ የእኔ ንቅንቅ አይልም። 350 ሜትር ርቆ ያለው ጉድጓድ ሲነሳ ግን የእኔ ይወርዳል። ሰው ሲሰማኝ አያምነኝም።

መልስ፦ እኔ አምንሃለሁ። በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አንድ ጊዜ አንድን ጉድጓድ ለ72 ሰዓት ሳናቋርጥ እየሳብን የምንሞክርበት ሥራ ላይ ነበርን። ዙሪያውን ሦስት ጉድጓዶች መርጠን በየአንዳንዱ መለኪያ ይዞ የሚቀመጥ ሰው አቆምን። የቅርቡ 40 ሜትር ላይ ነበር፤ የሩቁ 400 ሜትር ገደማ። የቅርቡን ራሴ ያዝኩት፤ ለውጡ እዚያ ቀድሞ ይታያል ብዬ። ገመዱን አወርዳለሁ፣ ጫፉ ውሃ ሲነካ ጢጥ ይላል፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ። 14.32። ከአምስት ደቂቃ በኋላ 14.32። ከአንድ ሰዓት በኋላም 14.32። በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። የሩቁን የያዘው ልጅ ነው። «እዚህ 60 ሴንቲ ወርዷል፤ ገመዱ ይሆን የተበላሸው?» አለኝ። ሄጄ በሌላ ገመድ ለካሁት። ገመዱ ደህና ነበር።

በኋላ የአካባቢውን አለት ስናይ ምክንያቱ ተገኘ። አለቱ ላይ አንድ ረጅም የስንጥቅ መስመር አለ። የሚሳበው ጉድጓድና ሩቁ ጉድጓድ ሁለቱም በዚያ መስመር ላይ ተቀምጠዋል። የቅርቡ ከመስመሩ ውጭ፣ ድፍን አለት መሀል ነው፤ ውሃ የሚያገኘውም ከሌላ ስንጥቅ ነው። የአንተም ነገር ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ግን 400 ሜትር ርቆ ያለ ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዴት ይደርሳል? ውሃ አለት ውስጥ እንዲህ ይሮጣል?

መልስ፦ የደረሰው ውሃው አይደለም፤ ግፊቱ ነው። ውሃ የሞላ ረጅም ቱቦ አስቢ፣ እህቴ። አንዱን ጫፍ ስትከፍቺ ሌላኛው ጫፍ ያለው ውሃ ወዲያው ይንቀሳቀሳል። ከወዲያ ጫፍ ያለው ውሃ አንቺ ጋ እስኪደርስ ግን ጊዜ ይፈጃል። ስንጥቅ ውስጥም ነገሩ ይኸው ነው። የሚይዘው ውሃ ትንሽ ስለሆነ ግፊቱ ሲቀንስ ዜናው በደቂቃዎች ውስጥ መቶ ሜትሮች ይሻገራል። ውሃው ራሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ቆፋሪው «ስንጥቁ ቀጭን ነው» አለኝ። ግማሽ ሚሊሜትርና አንድ ሚሊሜትር ምን ያህል ይለያያሉ?

መልስ፦ 8 እጥፍ። በስንጥቅ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ከስፋቱ ኩብ ጋር ነው የሚሄደው። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ 8 ጊዜ ይጨምራል። ስፋቱ አንድ አሥረኛ ሲሆን ፍሰቱ አንድ ሺህኛ ይሆናል። ሁለት ጉድጓዶች ጎን ለጎን ተቆፍረው አንዱ ሰፈር ሲያጠጣ ሌላው ባልዲ የማይሞላው ለዚህ ነው። አንዱን ደህና ስንጥቅ መቶ ቀጫጭኖች አይተኩትም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የእኔ ጉድጓድ ፓምፑ ሲሠራ ከውስጡ ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል። እንደ ፏፏቴ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጥሩ ምልክት ነው ወይስ መጥፎ?

መልስ፦ አባቴ፣ ጆሮ ሰጥተው ማዳመጥዎ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ውሃ ገባልኝ ብሎ ይደሰትበታል። ምልክቱ ግን ጥሩ አይደለም።

ድምፁ የሚለው ይህን ነው፦ የውሃው ከፍታ ከዋናው ስንጥቅ በታች ወርዷል። ስንጥቁ 35 ሜትር ላይ ነው እንበል። ውሃው ከ35 ሜትር በላይ ቆሞ ሳለ፣ እየወረደ በሄደ ቁጥር ከስንጥቁ የሚገባው ይጨምራል። ከስንጥቁ በታች ከወረደ በኋላ ግን ምንም ያህል ቢወርድ ስንጥቁ ከዚህ በላይ አይሰጥም። ሁሉንም እየሰጠ ነው፤ ውሃውም ግድግዳውን ይዞ ይንጠባጠባል። ከዚህ በኋላ ፓምፑ የሚጨምረው እያንዳንዱ ሊትር ከተጠራቀመው ላይ ነው የሚበላው። ስለዚህ መውረዱ ድንገት ይፈጥናል።

ሌላም ጣጣ አለው። ስንጥቁ አየር ያገኛል። በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ብረት አየር ሲያገኝ ዝገት ይሆናል፤ ብረት የሚወዱ ባክቴሪያዎችም ይራባሉ። ቀይ ቡናማ አተላ የስንጥቁን አፍ ቀስ በቀስ ይደፍነዋል። አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ አፍ ለመድፈን ብዙ አያስፈልግም። የሚወጣው ውሃ ነጭ ሆኖ እንደ ወተት ከታየና ብርጭቆ ውስጥ ሲቀመጥ ከሥር ወደ ላይ እየጠራ ከመጣ፣ ያ አየር ነው። ደለል ከያዘም ፍሰቱ በጣም በዝቷል ማለት ነው።

የሚያደርጉት ይህ ነው፦ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ፍሰቱን ይቀንሱ። የጠፋበትን ፍሰትና የውሃውን ጥልቀት ይጻፉ። ከዚያ ከፍታ በታች እንዳይወርድ ፓምፑን የሚያጠፋ የኤሌክትሮድ መቆጣጠሪያ ያስገጥሙ። በዚህ ነገር ላይ ገንዘብ መቆጠብ አልወድም።

ጥያቄ፦ የጎረቤት ፓምፕ ነው ያደረቀኝ እያልኩ ነው፤ እሱ ደግሞ «ድርቅ ነው» ይለኛል። እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፦ ከመጣላታችሁ በፊት አብራችሁ ለኩ። እውነቴን ነው፤ አብራችሁ።

መጀመሪያ ቢያንስ አንድ ሳምንት የማንም ፓምፕ በማይሠራበት ሰዓት፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ የጉድጓድህን ውሃ ለካ። በድርቅ ምክንያት ብቻ በቀን ስንት እንደሚወርድ በዚህ ታውቃለህ። በቀን 2 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ይህ የተፈጥሮው ድርሻ ነው።

ቀጥሎ የእሱ ፓምፕ በተወሰነ ሰዓት ይነሳ፤ የአንተ ጠፍቶ ይቆይ። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች በየደቂቃው ለካ። ከዚያ በየ5 ደቂቃው፣ በኋላም በየግማሽ ሰዓቱ። ሲያጠፋም መለካቱን አታቋርጥ። ወሳኙ ይኸኛው ነው። ፓምፑ ሲነሳ ከወረደና ሲጠፋ ከተመለሰ፣ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ካሳየ፣ ክርክሩ አበቃ። ድርቅ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ የአየር ግፊት። የአየር ግፊት ሲጨምር ብዙ የአለት ጉድጓዶች ውሃቸው ይወርዳል፤ ሲቀንስ ይወጣል። የአየር ግፊት የሚለካው በሄክቶፓስካል ነው፤ አንድ ሄክቶፓስካል አንድ ሴንቲሜትር ውሃ ማለት ነው ብለህ ያዝ። ጉድጓዱ የዚያን ግማሽ ካሳየ፣ የ20 ሄክቶፓስካል ለውጥ 10 ሴንቲሜትር ያወርዳል። ማንም ሳይስብ። ስለዚህ በጥቂት ሴንቲሜትር ልዩነት ሰው አትክሰስ። የጨረቃና የፀሐይ ስበት እንኳ አለቱን በጥቂቱ ሲለጥጠው የጥቂት ሴንቲሜትር እንቅስቃሴ ያሳያል።

ጥያቄ፦ መለኪያ ገመድ የለኝም። ውድ ነው ይላሉ።

መልስ፦ የብረት ሜትር ካለህ ይበቃሃል። የታችኛውን ሁለት ሦስት ሜትር ጠመኔ ቀባው። ጫፉን ጠመኔው ላይ ውሃ እስኪነካ አውርደው፤ ከላይ የያዝክበትን ቁጥር አስተውል። አውጣው። ውሃ የነካው ጠመኔ ይጠቁራል። ካስተዋልከው ቁጥር ላይ የረጠበውን ቀንስ። ይኸው ጥልቀቱ። ከኤሌክትሪክ መለኪያ በፊት ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚለካው፤ እስከ ጥቂት ሚሊሜትር ድረስ ይታመናል። ሜትሩን መጀመሪያ በክሎሪን ውሃ ጥረገው፤ ቆሻሻ ይዘህ እንዳትገባ።

ጥያቄ፦ ቆፋሪዎቹ 3 ሰዓት ሞክረው «በሰከንድ 2 ሊትር ይሰጣል» ብለው ፈርመው ሄዱ። ልመን?

መልስ፦ አትመኝ። ውሸት ተናገሩ ማለቴ አይደለም፤ ሦስት ሰዓት አለትን ለማወቅ አይበቃም ማለቴ ነው።

ቻርልስ ታይስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1935 የውሃው ከፍታ ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚወርድ የሚያሰላ ቀመር አወጣ። መነሻው ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ የሚሄድበት ሂሳብ ነበር። እስከ ዛሬ የሙከራ ሥራ ሁሉ በእሱ ላይ ነው የቆመው። ቀመሩ ግን ምድሩ በየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ነው ብሎ ይጀምራል። ስንጥቅ አለት እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዋረንና ሩት የተባሉ የነዳጅ መሐንዲሶችና ሌሎችም ሁለት ማከማቻ አለ ብለው ማስላት ጀመሩ። አንዱ ትልልቁ ስንጥቅ ነው፤ ቶሎ ይሰጣል፣ ግን ትንሽ ነው የያዘው። ሌላው በስንጥቆቹ መሀል ያለው አለትና ደቃቅ ስንጥቁ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሰጣል፣ ግን ብዙ ይዟል።

በሙከራ ላይ ይህ እንዲህ ይታያል፦ ውሃው መጀመሪያ ይወርዳል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁሉም ሰው «ተረጋጋ!» ብሎ ዕቃውን ይሰበስባል። ከሰዓታት በኋላ ግን እንደገና መውረድ ይጀምራል። የ3 ሰዓት ሙከራ በዚህች መቆሚያ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ሌላም አለ። ስንጥቁ የሆነ ቦታ ላይ ማለቁ አይቀርም። የመውረዱ ፍጥነት እዚያ ሲደርስ ይጨምራል። ይህንንም ማየት የሚቻለው ሙከራው ከረዘመ ነው። ለቤት ጉድጓድ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ብዙ ሰው ለሚጠጣው ደግሞ 72 ሰዓት እንዲሞከር እመክራለሁ። ካቆመ በኋላ የሚመለስበትም ይለካ። የሳበውን ያህል ሰዓት አርፎ ወደ ስታቲኩ ካልተመለሰ፣ ማከማቻው ውሱን መሆኑን ነው የሚነግርሽ።

ጥያቄ፦ ውሃው ከወረደ ጉድጓዱን ጠለቅ ባደርገውስ?

መልስ፦ አንዳንዴ ይረዳል፣ ብዙ ጊዜ ሰው የጠበቀውን ያህል አይሆንም። ወደ ታች በሄድክ ቁጥር ከላይ ያለው የአለት ክብደት ስንጥቁን ያጠበዋል። ግራናይትን በመሰሉ አለቶች ጥሩ ስንጥቆች በብዛት የሚገኙት ከላይኛው መቶ ሜትር አካባቢ ውስጥ ነው። ከዚያ በታች አይገኝም ማለት አይደለም፤ ዕድሉ ግን ይቀንሳል። ጥልቀት በእርግጠኝነት የሚጨምርልህ ማከማቻ ነው። በየሜትሩ 18 ሊትር። ሌሊት ሞልቶ ጠዋት ለምትጠቀምበት ቤት ይህ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ በግፊት ውሃ አስገብቶ ስንጥቁን መክፈት የሚባለውስ? ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ ትንሽ በሚሰጥ ጉድጓድ ላይ። ጉድጓዱን ከላይ በጎማ መዝጊያ ይደፍኑና ከሥሩ ንጹሕ ውሃ በከፍተኛ ግፊት ያስገባሉ። የተዘጋ ስንጥቅ ይጠረጋል፣ ጠባቡ ከሌላው ጋር ይገናኛል። ጉድጓድህ ከሌላ ሰው ጉድጓድ ጋር ሊገናኝም እንደሚችል አስብና አስቀድመህ ለጎረቤት ንገር። ሥራው ሲሠራ የእሱን ውሃ የሚለካ ሰው ይኑር።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲዘንብ የእኔ በሁለት ቀን ሜትር ሙሉ ይወጣል። አሸዋ ላይ ያለው የአጎቴ ግን አይንቀሳቀስም። የእኔ ይሻላል ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጥነት የሚያስወርደው ነገር በፍጥነት ያስወጣዋል። 10 ሚሊሜትር ውሃ ወደ ከርሰ ምድር ቢገባ፣ ከመቶ አንድ እጅ ክፍት የሆነ አለት ውስጥ አንድ ሜትር ይነሳል። ከመቶ 25 እጅ በሆነ አሸዋ ውስጥ 4 ሴንቲሜትር ብቻ። የገባው ውሃ እኩል ነው። ስለዚህ ሜትር ወጣ ብለህ ብዙ ውሃ አለኝ አትበል። በደረቁ ወራት የሚይዘው የአጎትህ ነው።

ጥያቄ፦ ከጉድጓዱ በታች ያለችው ምንጭ ደረቀች። እኛ የምንስበው ከ80 ሜትር ጥልቀት ነው፤ ምንጯ ደግሞ መሬቱ ገጽ ላይ ናት። ግንኙነት ሊኖራቸው ይችላል?

መልስ፦ ሊኖራቸው ይችላል። ታይስ እ.ኤ.አ. በ1940 በጻፈው አጭር ጽሑፍ ነገሩን በደንብ አስቀምጦታል። የሚሳብ ውሃ ሁሉ ከአንድ ቦታ ይጎድላል። መጀመሪያ ከማከማቻው ይጎድላል። ውሎ አድሮ ግን ወይ ወደ መሬት የሚገባው መጨመር አለበት፣ ወይ በምንጭና በወንዝ ይወጣ የነበረው መቀነስ አለበት። ምንጭ ማለት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍታ ከመሬት ገጽ ጋር የተገናኘበት ቦታ ነው። ከፍታው በግማሽ ሜትር ቢወርድ ምንጯ ልትቆም ትችላለች፤ ጉድጓዱ ግን ይህን አያውቀውም። ቁልቁል የሚሄድ ስንጥቅ 80 ሜትሩን ከላይኛው ጋር ማገናኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ፓምፑን ለጥቂት ሳምንታት ማቆም ከቻላችሁ አቁሙና ምንጯን ተከታተሉ።

ጥያቄ፦ ውሃ በመሳብ መሬት ይሰምጣል ይባላል። አለት ግን አይሰምጥም አይደል?

መልስ፦ እንደ ሸክላ አፈር አይሰምጥም። ግን ስንጥቆቹን ከፍቶ የሚይዛቸው አንዱ ነገር የውሃው ግፊት ነው። ግፊቱ ሲወርድ ትንሽ ይጠባሉ። በስዊዘርላንድ የዞዚዬ ግድብ ላይ የደረሰው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ርቆ ለዋሻ መንገድ ጥናት የተቆፈረ መሿለኪያ የአለቱን ውሃ እያፈሰሰ ግፊቱን አወረደው። ግድቡ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ዝቅ አለ፤ ኮንክሪቱም ተሰነጠቀ። የአንድ ቤት ጉድጓድ እንዲህ አያደርግም፤ አትስጋ።

ጥያቄ፦ ብዙ ስንስብ ውሃው ጥራቱ ይቀየራል?

መልስ፦ ይቀየራል፣ ይህ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ውሃ ስትስቢ ዙሪያውን ያለው ሁሉ ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። አሸዋ በመንገዱ ላይ ያጣራል። ስንጥቅ አያጣራም፤ ቀጥታ መንገድ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም የከብት በረት ከስንጥቁ ጋር ከተገናኘ በቀናት ውስጥ፣ ሲከፋ በሰዓታት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። በካናዳ ዎከርተን ከተማ እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ከባድ ዝናብ የከብት እበት ጀርም አጥቦ ስንጥቅ አለት ላይ ወዳለ ጥልቀት የሌለው የከተማ ጉድጓድ አስገባው። ክሎሪኑም በቂ አልነበረም። 7 ሰዎች ሞቱ፣ ከ2,000 በላይ ታመሙ። ከዝናብ በኋላ ውሃሽ ከደፈረሰ ወይም ሽታው ከተለወጠ አፍልተሽ ጠጪ፤ አስመርምሪው። የኬሲንጉ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘው ቱቦ) ዙሪያ ከላይ በሲሚንቶ በደንብ የታሸገ መሆኑንም እዪ።

ባሕር ዳርቻ ለምትኖሩ ደግሞ፦ ጨዋማው ውሃ ከሥር አለ። ጣፋጩ ውሃ ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሜትር ከፍ ሲል፣ በስሌት 40 ሜትር ያህል ጨዋማውን ወደ ታች ገፍቶ ይይዘዋል። የአንድ ሜትር መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ገምቱ።

ጥያቄ፦ እኛ ሁለት ጎረቤታሞች ነን። ለክተናል፤ በእርግጥም ጉድጓዶቻችን ተገናኝተዋል። እሱ ሲስብ የእኔ 4 ሜትር ይወርዳል፤ እኔ ስስብ የእሱም እንዲሁ። አሁን ምን እናድርግ?

መልስ፦ ለክታችሁ መምጣታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ሁለት ፓምፖች አንድ ላይ ሲነሱ መውረዱ ይደመራል። አንተ ብቻህን 10 ሜትር የምታወርድ ከሆነ፣ እሱ ሲጨመር የአንተ 14 ሜትር ይሆናል። ዋናው ስንጥቅህ ከስታቲኩ 12 ሜትር ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ ብቻህን ስትስብ ደህና ነህ፤ አንድ ላይ ስትስቡ ግን ስንጥቁ ባዶውን ይቀራል።

ስለዚህ ሰዓት ተካፈሉ። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ማታ፤ በመሀል የማረፊያ ሰዓት ይኑር። ሁለታችሁም ታንከር አስቀምጡና ፍሰታችሁን ቀንሱ። ከሁለቱ ጉድጓዶች የሚወጣው ድምር ወደ መሬት ከሚገባው ከበለጠ ግን ሰዓት መካፈል ብቻ አያድናችሁም። ይህንን የምታውቁት ስታቲኩን ከዓመት ዓመት ስታወዳድሩ ነው፤ በተመሳሳይ ወር፣ በተመሳሳይ ሰዓት።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ብንለካ ችግር አለው?

መልስ፦ ማታ ፓምፑ ገና እንደጠፋ ስለሚሆን ውሃው እየተመለሰ ነው፤ ስታቲኩን አታገኙትም። ጠዋት፣ የማንም ፓምፕ ሳይነሳ ለኩ። ኬሲንጉ ጫፍ ላይ በቀለም አንድ ምልክት አድርጉ፤ ሁልጊዜ ከዚያች ምልክት ይለካ። ቀን፣ ሰዓት፣ ጥልቀት። አንድ ደብተር ለሁለታችሁ ይበቃል።